ጥቅልህን የሚጨርሰው ብሮውዘሩ አይደለም

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው፤ አሳጥሬ ላቅርበው። አንባቢያችን ቤት ውስጥ የሚጠቀመው ሲም የሚገባበት የፎርጂ ፖኬት ዋይፋይ ነው። በየወሩ 30 ጊጋ ጥቅል ይገዛል። እሱና ባለቤቱ ስልካቸውን፣ ልጆቹ ደግሞ ላፕቶፑን ያገናኙበታል። ድሮ ወሩን ያደርሳቸው ነበር። ላፕቶፑን ሱቅ ወስዶ ፎርማት ካስደረገው ወዲህ ግን ጥቅሉ በአሥር ቀን ያልቃል። ማንም ሳይነካው ተከፍቶ በተቀመጠበት እንኳን ይቀንሳል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። ክሮም ሲከፈት ፋኑ ይጮኻል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጂሜይሉም ፌስቡኩም እንደ አዲስ ፓስወርድ ይጠይቁታል። ፎርማት ያደረገለት ልጅ "ክሮም ዳታ ይበላል፣ ብሮውዘር ቀይር" ብሎታል። ታዲያ የቱን ልጠቀም ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ ብሮውዘሩን እመርጥልሃለሁ፤ እሱ ቀላሉ ነው። ግን ብሮውዘር ብቻ ብትቀይር ጥቅልህ አሁንም በአሥር ቀን ያልቃል። ክሮምም ይሁን ፋየርፎክስ ያንኑ ገጽ ሲከፍቱ የሚያወርዱት ያንኑ ፋይል ነው። ከጻፍከው ውስጥ ዓይኔን የያዙት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ችግሩ የጀመረው ከፎርማት በኋላ ነው። ማንም ሳይነካው ዳታው ይቀንሳል። ጠዋት ጠዋት ፓስወርድ ይጠይቃል። ከዚህ ተነስቼ ስገምት ሁለት ጥፋተኞች አሉ። አንዱ ዊንዶውሱ ራሱ ነው፣ ከጀርባ ያወርዳል። ሌላው ልጁ የጫነልህ "ማጽጃ" ፕሮግራም ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር። ብሮውዘሩ ላይ ያሉትን ኤክስቴንሽኖች (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች ናቸው) ሳታይ በዚህ ላፕቶፕ የባንክህን ፓስወርድ እንዳታስገባ። ሱቅ ፎርማት የተደረገ ላፕቶፕ ሲመጣልኝ ባለቤቱ የማያውቀው ኤክስቴንሽን አላጣበትም፤ ነጻ ቪፒኤን፣ ቪዲዮ ማውረጃ፣ "ፍለጋ አሻሻይ" ነገር። "በሁሉም ድረ ገጽ ላይ ያለህን ዳታ ማንበብና መቀየር" የሚል ፈቃድ ያለው ኤክስቴንሽን የምትጽፈውን ፓስወርድ ማንበብ ይችላል። ክሮም ላይ ሦስቷን ነጥብ ነካና ኤክስቴንሽንስ ግባ። አንተ ራስህ ያላስገባኸውን ሁሉ ሪሙቭ በለው። ኦፍ ማድረግ አይበቃም።

አሁን ዊንዶውሱን እንየው። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ዳታ ዩሴጅ ግባ። ባለፉት 30 ቀናት የትኛው ፕሮግራም ስንት እንደበላ ይዘረዝርልሃል። እንደምገምተው ከላይ የምታገኘው "ሲስተም" የሚለውን ነው፤ ክሮም ከሱ በታች ይሆናል። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ፎርማት የሚደረገው ብዙ ጊዜ በአሮጌ ፍላሽ ላይ በተቀመጠ የቆየ ዊንዶውስ ነው። ፍላሹ ርካሽ፣ ኮፒው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ አንዳንዴም ክራክ የተደረገ ነው። ያ ዊንዶውስ ኢንተርኔት እንዳገኘ ያመለጠውን አፕዴት ሁሉ ማውረድ ይጀምራል። ይሄ ብዙ ጊጋ ነው። ድራይቨሩ፣ የስቶር አፖቹ፣ ፋይልህን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ዋንድራይቩ ሲጨመርበት ሠላሳ ጊጋህ የት እንደሄደ ይገባሃል። ሥራው ለሠሪው አንድ ሰዓት ነው፣ ሂሳቡን የምትከፍለው ግን አንተ ነህ። ለደንበኛው "ቤትህ ኢንተርኔቱ በጥቅል ነው ወይስ ያልተገደበ?" ብሎ መጠየቅ እንኳን አይታሰብም። ይሄ ያናድደኛል።

ዊንዶውስ ዋይፋይ ሲያይ ገደብ የሌለው መስመር ነው ብሎ ያስባል። ከኋላው ሲም ካርድ እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ንገረው። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ ግባ፤ የተገናኘህበትን ስም ንካና ፕሮፐርቲስ ውስጥ "ሚተርድ ኮኔክሽን" (በልክ የሚቆጠር መስመር ማለት ነው) የምትለዋን ኦን አድርጋት። ከዚያ በኋላ አብዛኛው አፕዴት በራሱ አይወርድም፤ ዋንድራይቭም ይቆማል። ይሄ ምርጫ የሚቀመጠው ለዚያ ዋይፋይ ስም ብቻ ነው። ፎርማት ሲደረግ ይጠፋል፤ የዋይፋዩን ስም ብትቀይርም እንደገና ማብራት አለብህ። ምናልባት ድሮ አብርተኸው ይሆናል፣ ያኔ ወሩን ያደረሰህም እሱ ሊሆን ይችላል።

እዚያው አካባቢ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ፣ "ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን" የሚባል አለ። ከሌሎች ኮምፒውተሮች ማውረድን የሚፈቅደውን አጥፋው። ክፍት ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ላሉ ኮምፒውተሮችም ከተፈቀደ ላፕቶፕህ ያወረደውን አፕዴት ለማታውቀው ሰው ይልካል። የሚላከውም ከጥቅልህ ነው የሚቆረጠው።

አፕዴት ጭራሽ አጥፋ እያልኩህ አይደለም። ላፕቶፑን ያልተገደበ መስመር ያለበት ቦታ፣ ዘመድ ቤትም ሆነ መሥሪያ ቤት፣ ይዘህ ሂድና እዚያ ይጨርስ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ የብሮውዘሩ አፕዴት ከበፊቱ የበለጠ ያስፈልግሃል። እሱ መጠኑ ትንሽ ነው፣ አትከልክለው።

ስልኮቹም ያው ናቸው። አንድሮይድ ስልክ ፖኬት ዋይፋዩን ሲያገኝ "ዋይፋይ ነው" ብሎ ይለቀዋል። ጎግል ፎቶስ የልጆቹን ቪዲዮ መጫን ይጀምራል፤ ፕሌይ ስቶር አፖችን ያድሳል። ዋይፋዩን ስሙ ላይ ነክተህ ግባና "ትሪት አዝ ሚተርድ" የሚለውን ምረጥ። ቴሌግራምን ግን ለብቻው እየው። ሴቲንግስ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ በሞባይል ዳታና በዋይፋይ በራሱ የሚያወርደው ተለይቶ ተቀምጧል። ሰው የሞባይሉን ያጠፋና የዋይፋዩን ይረሳዋል። ብዙ ቻናል የሚያገላብጥ ሰው ቤት ውስጥ ከፍቶ ያላየውን ቪዲዮ ጭምር ሊያወርድ ይችላል። ሁለቱንም አጥፋ።

ዩቲዩብን በአንድ መስመር ልለፈው፦ በ480 የምስል ጥራት በሰዓት ግማሽ ጊጋ ገደማ ነው፣ 1080 ላይ ደግሞ 1.5 ጊጋም ያልፋል። ለልጆች ካርቱን 480 ይበቃል።

ወደ ማጽጃው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጠዋት ጠዋት ፓስወርድ መጠየቁ ነው የነገረኝ። ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር ኩኪውንም (መግባትህን ለገጹ የሚያስታውሰው ትንሽ ፋይል ነው) ካሹንም (ብሮውዘሩ አውርዶ ያስቀመጠው ነው) ጠራርጎ የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ። ልጁ "እንዲፈጥንልህ" ብሎ ነው የጫነው። ብዙ ሰው ካሽ ማለት ቆሻሻ ይመስለዋል። አይደለም፣ ካሽ የከፈልክበት ዳታ ነው።

አንድ የዜና ገጽ ስትከፍት የሚወርደው ጽሑፉ ብቻ አይደለም። ጽሑፉ ከሁሉ ትንሹ ነው። ፊደሉ አለ፤ የአማርኛ ገጽ የራሱን ፎንት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ምልክቱ፣ ፎቶዎቹ፣ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ስክሪፕት አለ። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ፋይል ሲልክ "ይሄን ለዚህን ያህል ጊዜ አስቀምጠው" ብሎ አብሮ ይጽፍበታል። ለአንዱ አንድ ሰዓት፣ ለሌላው አንድ ዓመት። ብሮውዘሩ ዲስክህ ላይ ያስቀምጠዋል። ነገ ያንኑ ገጽ ስትከፍት ጊዜው ያላለፈበትን ከዲስክ ያነሳል፤ ከጥቅልህ አንዲት ባይት አይነካም። ጊዜው ያለፈበትን ደግሞ ዝም ብሎ አያወርደውም። "ያ ፋይል ተቀይሯል?" ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቃል። ካልተቀየረ ሰርቨሩ በ304 ቁጥር ይመልስለታል፤ ያለህን ተጠቀም ማለት ነው። ይቺ መልስ ከፋይሉ ጋር ስትነጻጸር ኢምንት ናት።

በዓይንህ እየው። ክሮም ላይ አንድ ገጽ ክፈትና ኤፍ 12 ተጫን። ኔትወርክ የሚለውን ምረጥና ገጹን እንደገና ጫነው። "ሳይዝ" በሚለው አምድ ሥር ከብዙዎቹ ፋይሎች አጠገብ "ዲስክ ካሽ" ወይም "ሜሞሪ ካሽ" ተብሎ ታያለህ። ከታች ካሉት ቁጥሮች ሁለቱን እይ፦ የወረደው እና የገጹ ጠቅላላ መጠን። አሁን ኮንትሮልና ሺፍት ይዘህ አር ተጫን። ካሹን ዘሎ ሁሉንም ከኢንተርኔት ያመጣል። የወረደው ቁጥር ሲዘል ታየዋለህ። ማጽጃው ጠዋት ጠዋት የሚያደርግህ ይሄንን ነው፣ በየገጹ። ኢንኮግኒቶ (ታሪክ የማያስቀምጠው የብሮውዘር መስኮት) ላይ የሚውል ሰውም ያው ነው፤ መስኮቱ ሲዘጋ ካሹ አብሮ ይጠፋል። የቪዲዮን ያህል ባይሆንም በየቀኑ ስለሚደጋገም ይጠራቀማል። ኢንተርኔቱ ሲንቀረፈፍ ደግሞ ገጹ የሚዘገየው በዚህ ነው።

ስለዚህ ማጽጃውን አንኢንስቶል አድርግ። ከዚያ ክሮም ሴቲንግስ ውስጥ መስኮት ሲዘጋ የገጾችን ዳታ እንዲያጠፋ ተደርጎ እንደሆነ እይና መልሰው። በማግስቱ ጂሜይል ሳይጠይቅህ ከተከፈተ ጥርጣሬዬ ልክ ነው ማለት ነው።

አሁን ብሮውዘሩ። ላንተ ላፕቶፕ ፋየርፎክስን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ዩብሎክ ኦሪጅን ነው። ይሄ ማስታወቂያ ማገጃ በሙሉ አቅሙ ፋየርፎክስ ላይ ይሠራል፤ ክሮም የድሮውን የኤክስቴንሽን አሠራር ስላስቀረ እዚያ የቀረው ቀለል ያለው ዓይነት ነው። ማስታወቂያው ሳይወርድ ስለሚታገድ ዳታም ራምም ይተርፋል። ላፕቶፕ ላይ በብሮውዘሮች መካከል የዳታ ልዩነት የሚያመጣው በዋናነት ይሄ ነው። ፋየርፎክስን ከሞዚላ ድረ ገጽ፣ ዩብሎክን እዚያው ከፋየርፎክስ ማከያ መደብር አውርድ። ከቴሌግራም ቻናል የወረደ ኢንስቶለር አትጠቀም፤ ጊዜው ያለፈበት ወይም የተነካካ ሊሆን ይችላል። ፋየርፎክስ ላይ አንዳንድ ገጽ አልከፍት ካለህ ኤጅ አለልህ፣ ከዊንዶውሱ ጋር ስለሚመጣ ማውረድ የለብህም።

የፋኑ ጩኸት የራምና የፕሮሰሰር ነገር ነው፣ ከዳታው ጋር አታገናኘው። ክሮም ላይ ሺፍትና ኢስኬፕ ስትጫን የትኛው ታብ ስንት እንደያዘ ያሳይሃል። በ4 ጊጋ ራም ሃያ ታብ መክፈት አይሆንም። አቅሙ ካለህ ራም ጨምርበት፤ ግን ስም የሌለውን ርካሹን አትግዛ፣ በራሱ የሚጠፋ ላፕቶፕ ይዘህ ትመጣለህ።

ስልክ ላይ ኦፔራ ሚኒ ዳታ ይቆጥባል፣ እውነት ነው። ከሁሉ በላይ በሚቆጥበው በኤክስትሪም ሁነታ ግን ገጹ መጀመሪያ የሚከፈተው ኦፔራ ሰርቨር ላይ ነው፤ ተጨምቆ ነው ወዳንተ የሚመጣው። ለዜና ጥሩ ነው። ለባንክ ግን አይሆንም። እደግመዋለሁ፦ ፓስወርድህ በመሐል ሌላ እጅ በሚያልፍበት ብሮውዘር፣ ወይም የማታውቀው ኤክስቴንሽን ባለበት፣ ባንክህን አትክፈት። ከፎርማቱ ወዲህ በዚያ ላፕቶፕ ባንክህን ከፍተህ ከሆነ ዛሬውኑ ፓስወርዱን ከስልክህ ቀይር። የጂሜይሉንም ጭምር።

የቀረው ፖኬት ዋይፋዩ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.8.1 ወይም 192.168.0.1፣ ብሮውዘር ላይ ጻፍና ግባ። ደህና ዕቃ ከሆነ በወር የተጠቀምከውን ይቆጥራል፣ የተገናኙትንም ይዘረዝራል። የማታውቀው ስልክ ካየህ የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይር። ገበያ ላይ በርካሽ ከሚሸጡት ስም የለሾች አንዳንዶቹ ቆጣሪም የላቸው፣ ዝርዝርም የላቸው፤ ከሞቁ ደግሞ ይቆራረጣሉ። ያንተ ከነሱ ከሆነና ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ፣ ሲሙን ስልክ ውስጥ አስገብተህ ቀሪህን በ*804# እያየህ ማታና ጠዋት መዝግብ።

ይሄን ሁሉ አስተካክለህ አንድ ሌሊት ላፕቶፑን ብቻ ክፍት አድርገህ ተወው፣ ስልኮቹን ከዋይፋዩ አውጥተህ። ጠዋት ከጥቂት ሜጋ በላይ ከቀነሰ የዳታ ዩሴጅ ዝርዝሩን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።