ሳይቀዳ ያለፈው የእሁድ ምሽት

ባለፈው ሰሞን አንዲት የፊልም ተማሪ «ጋሼ፣ ድሮ የቴሌቪዥን ድራማ በቀጥታ ስትሠሩ ተዋናይ ቢሳሳት ምን ታደርጉ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም» አልኳት። መልሴ እንዳላጠገባት ከፊቷ አየሁ። ጥያቄው እኔንም ቤት ድረስ ተከትሎኝ ገባ። ለእሷም ለእናንተም በደንብ ልመልሰው።

በወጣትነቴ ለሥልጠና እንግሊዝ አገር ተልኬ ነበር። ካስተማሩን መካከል ጡረታው የተቃረበ አንድ ቴክኒሻን ነበር። በጎልማሳነቱ ምዕራብ ለንደን፣ ላይም ግሮቭ በሚባለው የቢቢሲ ስቱዲዮ ውስጥ የካሜራ ገመድ ይጎትት ነበር። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ካሜራው ከባድ፣ ገመዱ ወፍራም ነው። ካሜራው ሲንቀሳቀስ ገመዱ ጎማው ሥር ከገባ ምስሉ ይናጣል፤ አገር ሙሉ ያየዋል።

ሰውየው ደጋግሞ የሚያወራው ስለ አንድ ምሽት ነበር። በፈረንጆች ዲሴምበር 12 ቀን 1954፣ እሁድ ማታ። ቢቢሲ «1984» የተባለውን የጆርጅ ኦርዌል ልብ ወለድ በድራማ አቀረበ። ለቴሌቪዥን የጻፈው ናይጅል ኒል፣ ፕሮዲውሰሩ ሩዶልፍ ካርቲየር፣ ዋናው ተዋናይ ፒተር ኩሺንግ። ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ድራማ ነው። ያውም በቀጥታ! ቪዲዮ ቴፕ ቢቢሲ ቤት ገና አልደረሰም ነበር።

የዋናው ገጸ ባሕርይ መኖሪያ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ካንቲኑ፣ ሁሉም ስቱዲዮ ውስጥ ተሠርቷል። ተዋናዩ አንዱን ትዕይንት ጨርሶ ወደ ሌላው መሮጥ አለበት። ለመሮጫ ጊዜ የሚሰጠው ቀደም ብሎ በፊልም የተቀረጸ ቁራጭ ነው። ተመልካቹ ያንን ቁራጭ ተረጋግቶ ሲያይ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይሯሯጣል። ኦርኬስትራው እንኳን በቴፕ አልነበረም። ሌላ ስቱዲዮ ተቀምጦ፣ ምስሉን በሞኒተር እያየ በቀጥታ ይጫወት ነበር። አስተማሪያችን ያን ማታ ኮቴው እንዳይሰማ ጫማውን አውልቆ በካልሲ እንደሠራ ነግሮናል። ኩሺንግ በአጠገቡ ሲያልፍ የፊቱን ላብ ያይ ነበር። ይህን ሲነግረን ድምፁ ዝቅ ይላል። ስቱዲዮ ውስጥ የነበረበት ልማድ ይመስለኛል።

ድራማው አገሩን አመሰው። የማሰቃያው ትዕይንት ብዙ ሰው አስቆጣ፤ ጉዳዩ ፓርላማ ድረስ ደረሰ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ እንዲደገም ቀጠሮ ተይዞ ነበር። በዚያ ዘመን «ድገሙት» ማለት እንደገና ሥሩት ማለት ነው። ተዋንያኑ ተመልሰው መጥተው ሁሉንም ከሀ እስከ ፐ ተጫወቱት። የሐሙሱ ከስክሪን ፊት በተደገነ የፊልም ካሜራ ተቀድቶ እስከ ዛሬ አለ። የእሁዱ ግን የለም። «የሐሙሱን ስላያችሁ እኔ ያየሁትን ያያችሁ እንዳይመስላችሁ» ይለን ነበር። ያን ጊዜ የሽማግሌ ወግ መስሎኝ ነበር።

የገባኝ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ነው። የእኛ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ቶምሰን የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት አግዞታል፤ ብዙ የስቱዲዮ ልማድም ከዚያው የመጣ ነው። እኔ በሠራሁበት ጣቢያ ቴፕ ውድ ስለነበር የተላለፈው ይሰረዝና ሌላ ይቀረጽበታል። ከዓመታት በኋላ አንዲት ልጅ ቢሮዬ መጣች። እናቷ ተዋናይት ነበረች፤ አርፋለች። የእናቷን ድምፅ ለመስማት ነበር የመጣችው። መዝገቡ ላይ የድራማው ርዕስ አለ፣ የቴፑ ቁጥር አለ። ቴፑ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነው። ልጅቷን ባዶ እጇን መሸኘቴ ዛሬም ያንገበግበኛል። እንግሊዞቹም ቴፕ ካገኙ በኋላ ስንት ሥራ እንዲሁ እንደሰረዙ ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። በፈረንጆች 1958 እንግሊዝ ውስጥ፣ በንግድ ጣቢያ በቀጥታ በሚተላለፍ ድራማ መካከል ጋሬዝ ጆንስ የሚባል ወጣት ተዋናይ ልቡ ቆሞ ሞተ። ካሜራ ፊት አልነበረም፤ በሁለት ትዕይንት መካከል ነው። ጓደኞቹ ንግግሩን ተከፋፍለው ድራማውን ጨረሱት። ተዋናይ ሲሳሳት፣ ከዚያም የከፋ ሲመጣ፣ የሚደረገው ይኸው ነው። አጠገብሽ ያለው ሰው ይሸከምልሻል። ይህን ለማድረግ ግን የሌላውን ቃል ጭምር ማወቅ ያስፈልጋል። እነዚያ ሰዎች የክፍሎቹን ልክ አዳራሽ ወለል ላይ በፕላስተር እያሰመሩ ብዙ ቀን ተለማምደው ነው ስቱዲዮ የሚገቡት።

እናንተን የዛሬ ፊልም ሠሪዎች የምታዘበው እዚህ ላይ ነው። ልምምድ ትንቃላችሁ። ተዋናዩ ቃሉን ሳያጠና ይመጣል፤ «ችግር የለም፣ በኤዲቲንግ ይስተካከላል» ይባላል። ሃያ ጊዜ ተቀርጾ አንዱም ነፍስ የለውም። እኔ ብሆን ለጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ አንድ አጭር ድራማ፣ ያለ ማቋረጥ፣ ያለ ቅጂ፣ ሰው ፊት አሠራው ነበር።

ይህን ብዬ ደግሞ ምንም ነገር እንዳትሰርዙ እለምናችኋለሁ። ይጋጫል፤ አውቃለሁ። ያለ ቅጂ ሥሩ የሚለው ያ ገመድ ጎታች ነው፤ አትሰርዙ የምትለው ያቺ ልጅ ናት። ሁለቱንም ማስታረቅ አልቻልኩም። የሠራችሁትን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የተዋንያኑንና የባለሙያውን ስም፣ ቀኑን፣ ቦታውን ጽፋችሁ አያይዙ። ይህ በስልክ የቀረጻችሁትንም ይጨምራል።

የሐሙሱን ቅጂ ፈልጋችሁ እዩት። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ታገሡት። ሳታቋርጡ ጨርሱትና ተዋንያኑ የሚሯሯጡት የቱ ጋ እንደሆነ ገምቱ። ለእኔም ጻፉልኝ፤ እኔም የራሴን ግምት ይዣለሁ።