«እጁን ታጠበ»፦ ጠቃሽ ነው ወይስ አሽሙር?

ጥያቄ፦ በአጭር ልብ ወለዴ ውስጥ ስለ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ «እንደ ጲላጦስ እጁን ታጠበ» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢው «ይሄ አሽሙር ነው» ብሎ ሰረዘው። እኔ ደግሞ ጠቃሽ ዘይቤ ነው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ? አግቦና ምፀትስ ከዚህ በምን ይለያሉ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጠቃሽ፣ ማለትም የታወቀ ታሪክን በዘወርዋራ የሚያስታውስ አባባል፣ የሚባለው ከምን እንደተሠራ ታይቶ ነው፤ አሽሙር የሚባለው ማንን ሊወጋ እንደተወረወረ ታይቶ ነው። የእርስዎ ዐረፍተ ነገር ሁለቱንም ሆኗል፤ አሽሙር መሆኑ ብቻውን ግን መሰረዣ ምክንያት አይሆንም።

«መጥቀስ» የሚለውን ግስ ልብ ይበሉት። ብዕር ከቀለም ይጠቀሳል፣ የሰው ቃል ይጠቀሳል፣ በዓይንም ይጠቀሳል። ጥቅስ ቃሉን እንዳለ በትምህርተ ጥቅስ አስገብቶ ባለቤቱን ይናገራል። ጠቃሽ ግን የዓይን ጥቅሻ ነው፤ ታሪኩን የሚያውቅ አንባቢ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል።

«እንደ ጲላጦስ» ሲሉ ነገሩ ተነጻጻሪ ዘይቤም ስለሚሆን ጥቅሻው ይላላል። ስሙን ትተው «ሰው በተሰበሰበበት ውሃ አስመጥቶ እጁን ታጠበ» ቢሉ ይጠብቃል። «እጁን ታጠበ» ብቻውን ግን አይበቃም፤ ምሳ ሊበላ የተነሣ ይመስላል። በማቴዎስ ወንጌል 27፥24 ታሪኩን የሚያስታውሱት ውሃውና የሕዝቡ ፊት ናቸው፤ ቢያንስ አንዱ ይኑር።

ጥቅሻው በብዛት የሚከሽፈው ታሪኩና ሰውየው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ሮማዊው ገዥ ጲላጦስ ኢየሱስን ለመፍታት ሥልጣን ነበረው፤ በደል እንዳላገኘበትም ተናግሯል፤ ግን አሳልፎ ሰጠ። ስለዚህ ሥራውን የለቀቀን ሰው ወይም ምንም መወሰን የማይችልን ተላላኪ ጲላጦስ ማለት ስሕተት ነው። የእርስዎ ኃላፊ ፊርማው በእጁ ነበር? ከነበረ ይገጥማል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ በእኛ አገር ይህን መዘንጋት አይገባም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር፣ ማለትም የቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ በሚነበብበት መጽሐፍ፣ ጲላጦስ በሰኔ ወር በመልካም ይታሰባል፤ እጁን መታጠቡም ከደሙ ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት እንደሆነ ተደርጎ ይወሳል። ተራኪዎ ስንክሳር እየሰማ ያደገ ሰው ከሆነ፣ ያው አባባል ከወቀሳ ይልቅ ወደ ማዘን ሊያዘነብል ይችላል።

ሌሎቹን በአንድ ትዕይንት እንያቸው፤ ሰውየው ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዓት አርፍዶ ገባ እንበል። «ዛሬስ ማልደህ መጣህ!» ቢሉት ምፀት ነው፤ የተነገረው የታሰበው ተቃራኒ ነውና። እሱ እየሰማ ወደ ሌላው ዞረው «አንዳንዱ ሰዓት የሚያየው ለምሳ ብቻ ነው» ቢሉ አሽሙር ነው። አግቦም ከዚሁ ነው፤ በብዙ ሰው አፍ ሁለቱ ስለሚተካኩ በግድ መለየት አያስፈልግም። «ኧረ ለጌታው ምንጣፍ አንጥፉ!» ብለው ፊት ለፊት ከቀለዱበት ግን ሽሙጥ ነው።

ሰምና ወርቅ ከነዚህ ሁሉ ራቅ ይላል፤ ምስጢሩ በውጭ ታሪክ ወይም በሰው ላይ ሳይሆን በራሱ በቃሉ ውስጥ ነው። «ጠላት ሲሸኙ ቡና አድርገው እንጂ» በሚለው የሕዝብ ግጥም ሰሙ ቡና ማፍላት ነው፤ ወርቁ ጠላትን «ቡን አድርገው»፣ ማለትም አብንነው ማጥፋት ነው።