ቡክማርኩ ሲሰረዝ ኮፒውም ይሰረዝ ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ «ቡክማርክ ያደረግኳቸውን ገጾች ኮፒ የሚያስቀምጥ፣ ቡክማርኩን ስሰርዝ ኮፒውንም አብሮ የሚሰርዝ ስክሪፕት እንዴት ልሥራ?» ብለሃል። እኔ ይህንኑ ሠርቼ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ፓይተን አጫጫን ምናምኑን ልዝለለውና ወደሚጎዳው ልግባ።

1. ብሮውዘሩ ራሱ በሚይዘው ካሽ (የከፈትካቸውን ገጾች ለጊዜው በሚያስቀምጥበት ቦታ) እንዳትተማመን። «የካሽ ፎልደሩን ኮፒ አድርግ» ያሉህ ሰዎች ሞክረውት አያውቁም። ያ ካሽ ሲሞላ የቆየውን እያወጣ ይጥላል። በደብልዩጌት (wget፣ ገጽ የሚያወርድ ፕሮግራም) ራስህ አውርድ፤ ምስሎቹንም አብሮ እንዲያመጣ እዘዘው።

2. ፋይሉን በገጹ አድራሻ አትሰይም። አድራሻው ውስጥ አማርኛ ካለ እያንዳንዱ ፊደል በፐርሰንት ምልክት ተቀይሮ 9 ቦታ ይወስዳል። ለፋይል ስም የሚፈቀደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 255 ነው። 28 ፊደል ላይ አለቀ ማለት ነው። አድራሻውን በሻ-256 (SHA-256፣ ማንኛውንም ጽሑፍ እኩል ርዝመት ወዳለው ኮድ የሚቀይር ስሌት) ቀይረው፤ ምንጊዜም 64 ቦታ ብቻ ይይዛል። ርዕሱን ለብቻው ሠንጠረዥ ላይ መዝግበው።

3. ስረዛው። እዚህ ጋ ቆም በል። ክሮም ቡክማርኮችን በጄሰን (JSON) የጽሑፍ ፋይል ይይዛል፤ ፋየርፎክስ በኤስኪውላይት (SQLite) ዳታቤዝ። የኔ ፋየርፎክስ ነበር። ብሮውዘሩ ክፍት ከሆነ ዳታቤዙ ይቆለፋል። እኔ ደግሞ የስህተት መልእክት ማየት ስለሰለቸኝ፣ ስክሪፕቱ ማንበብ ሲያቅተው ዝም ብሎ ባዶ ዝርዝር እንዲመልስ አድርጌ ነበር። አንድ ማታ ብሮውዘሩን ሳልዘጋ አስነሳሁት። ሁለት መስመር ብቻ ወጣ፦

«የተገኘ ቡክማርክ፦ 0»
«የተሰረዘ ኮፒ፦ 1140»

ቡክማርክ የሌለው ኮፒ ይሰረዝ ብዬዋለሁ። ቡክማርክ አላየም። ሰረዘ።

የአራት ዓመት ስብስብ ነበር። መልሼ ላውርድ ስል ብዙዎቹ ገጾች ከነሳይታቸው የሉም። የተወሰኑትን የድሮ ገጾችን የሚያከማቸው ዌይባክ ማሽን ላይ አገኘሁ። ጎግል ራሱ ያስቀመጠውን የገጽ ኮፒ የሚያሳየውን የካሽ ሊንክ በ2024 ካነሳ ወዲህ በዚያ በኩል መንገድ የለም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ ሰው ስለ ግዕዝ ፊደል ኪቦርድ አሠራር በተከታታይ የጻፋቸው ገጾች ናቸው። ብሎጉ ተዘግቷል፣ የትም የሉም። ያኔ አንድ ቦታ እርዳታ ብጠይቅ «ባካፕ አልነበረህም?» ብለው ጥለውኝ ሄዱ። አንተን እንደዚያ የሚልህ እንዳይኖር ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ዳታቤዙን፣ አጠገቡ ካለው የዋል ፋይል (WAL፣ ገና ዋናው ዳታቤዝ ውስጥ ያልገቡ ለውጦች ያሉበት) ጋር፣ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጌ ከኮፒው አነባለሁ። ማንበብ ካቃተው ስክሪፕቱ እዚያው ይቆማል። የሚሰረዝ ነገር በቀጥታ አይሰረዝም፤ ለ30 ቀን የቆሻሻ ፎልደር ውስጥ ይቆያል። ከጠቅላላው 5 በመቶ በላይ ሊያነሳ ከሆነ ደግሞ ይጠይቀኛል። አዎ፣ ኮፒ ስታድስም ተጠንቀቅ፦ አንዳንድ ሳይት «ገጹ አልተገኘም» እያለ ኮዱን ግን 200 (ገጹ በደህና ተገኝቷል ማለት) ይልካል፤ ጥሩውን ኮፒ በባዶ ገጽ ይተካብሃል። አዲሱ ከአሮጌው ግማሽ ካነሰ ሁለቱንም ያዝ።

ባለፈው ወር አንድ ትልቅ የቡክማርክ ፎልደር በስህተት ሰርዤ ነበር። ስክሪፕቱ ቆመና «214 ኮፒ ሊነሳ ነው፤ ልቀጥል?» አለኝ። አይ አልኩት። ያቺን ቁራጭ ኮድ ከፈለግክ ንገረኝ፣ እዚሁ እለጥፍልሃለሁ።