ምርቃት ወገብ አይጠግንም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። መልስ የሚሰጡት ለረጅም ዓመታት በሆስፒታል ሲሠሩ ቆይተው አሁን በአዲስ አበባ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕሙማንን የሚረዱ ነርስ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። እማዬ 74 ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥቅምት ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል። ትናገራለች፣ ግን ቃሉ ይጣመምባታል። አራት ልጆች ነን። ሁለቱ አግብተው የየራሳቸው ጣጣ አለባቸው። ታላቅ ወንድማችን ቨርጂኒያ ነው። ያላገባሁት እኔ ስለሆንኩ ሥራዬን ለቅቄ እሷ ጋ ገባሁ። ወንድሜ በየወሩ ብር ይልካል፣ እግዜር ይስጠው። ግን በየማታው በቪዲዮ እየደወለ «ፀጉሯን ለምን አላበጠርሽም? ፊዚዮቴራፒው ለምን ቀረ?» ይለኛል። ጠያቂው ሁሉ መርቆኝ ይሄዳል። ወገቤ ግን አለቀ። ሌሊት ደጋግማ ትጠራኛለች። አንዳንዴ ሰምቼ እንዳልሰማ እተኛለሁ፣ ጠዋት ዓይኗን ማየት ያቅተኛል። ሰሞኑን ደግሞ ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ አጥንቱ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። ምን ይሻለኛል?
ታናሿ ልጅ፣ ከጎፋ

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ለነገ አይባልም።

ያቺን የጠቆረች ቦታ ዛሬውኑ በጣትሽ ዳስሻት። ከዙሪያዋ ይልቅ ትሞቃለች? ጠጠር ብላለች ወይስ ላልታለች? ሲነኳት ያማቸዋል? ከእነዚህ አንዱ ካለ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ነው። ብዙ መጽሐፍ «ቆዳው ይቀላል» ይላል። የእኛ ቆዳ ግን ሁልጊዜ አይቀላም፣ ይጠቁራል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትመኚ፣ ዳስሺ። ቆዳው ከተላጠ፣ ከቋጠረ ወይም ፈሳሽ ካለው ሳታድሪ ለሐኪም አሳዪ። ካልተላጠ ደግሞ ለጊዜው በጀርባ ማስተኛቱን ተዪው። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ ከጀርባቸው ትራስ እየደገፍሽ ጋደም አድርጊያቸው። በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጡ። ቦታውን በቅባትም በአልኮልም ማሸት የለም፤ ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይብሱን ይጎዳዋል።

ተረከዛቸውንም እዪ። በየቤቱ ጓንት ውሃ ሞልተው ተረከዝ ሥር ሲያደርጉ አገኛለሁ። አልወደውም። ትራሱን ከባታቸው ሥር አድርጊና ተረከዙ ምንም ሳይነካ ይንሳፈፍ። አቅም ካለ ሞተር ያለው የአየር ፍራሽ ጥሩ ነው፣ ወንድምሽ ብር ከላከ አይቀር ለዚህ ይዋል። ግን መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል፣ ፍራሹም ቀስ በቀስ ይተነፍሳል። በባዶ ጣውላ ላይ እንዳታነጥፊው፤ ከሥሩ የስፖንጅ ፍራሽ ይኑር። የአየር ፍራሽ አለ ተብሎም ማገላበጥ አይቀርም።

አሁን ወደ ወገብሽ። ሳላይሽ ልገምት፦ እማማን በብብታቸው ይዘሽ ነው አይደል የምታነሺያቸው? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ያንቺ ወገብ ይሄዳል፣ የእሳቸውም የግራ ትከሻ ከቦታው ይንሸራተታል። ስትሮክ የመታው ክንድ ጡንቻው ስለላላ ሲጎትቱት አይችልም። እቤት ሰፋ ያለ የጥጥ መቀነት አይጠፋም። ወገባቸው ላይ ከልብሳቸው በላይ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ወንበሩን በቀኛቸው፣ ማለትም ደህናው እግር ባለበት በኩል አስጠጊ። አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ፣ ሁለቱም እግሮቻቸው መሬት ይርገጡ። አንቺ ፊት ለፊታቸው ሆነሽ ጉልበትሽን እጠፊ፣ በጉልበትሽ የእሳቸውን ደካማ ጉልበት ደግፊ፣ መቀነቱን ከኋላ ያዢ። ከዚያ «እማዬ፣ ወደ እኔ ዘንበል በይ» በያቸው። አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ ሲመጣ ሰውነታቸው ራሱ ይነሳል። አንቺ ትመሪያለሽ እንጂ አትሸከሚም። አልጋ ላይ ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ሲያስፈልግ ደግሞ ከዳሌያቸው ሥር አንሶላ አጥፈሽ አንጥፊና ለሁለት ሆናችሁ በአንሶላው ሳቡ። ብቻሽን አይሆንም።

ልብስ ስታለብሺ ደካማው እጅ መጀመሪያ ይግባ፣ ስታወልቂ መጨረሻ ይውጣ። ይቺን ካወቅሽ ግማሹ ትግል ይቀርልሻል።

ምግብ ላይ አንድ ነገር አደራ። ጠያቂ ሲመጣ ጉርሻ አይቅመሱ። ሰው በፍቅር ነው የሚያጎርሰው፣ አውቃለሁ፣ ግን ጉሮሯቸው በደንብ የማይሠራ ሰው በአንድ ትልቅ ጉርሻ ይታነቃል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ዝቅ አድርገው፣ በትንሽ ማንኪያ ይብሉ። አንዱን ሳይውጡ ሌላ የለም። በግራ ጉንጫቸው ውስጥ ምግብ ተደብቆ ይቀራልና አፋቸውን ከፍተሽ እዪ። ቀጭን ውሃ የሚያስላቸው ከሆነ ወፈር ያለ አጥሚት ይቀላቸዋል። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጋደሙ ይቆዩ። ሲጠጡ የሚያስላቸው ወይም ድምፃቸው ውሃ ውሃ የሚል ከሆነ ግን ለሐኪም ተናገሪ፤ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሌሊቱ። ሰምተሽ እንዳልሰማሽ መተኛትሽን እኔ ክፋት አልለውም። ቀኑን ሙሉ የሠራ ሰው ሌሊቱንም ተረኛ ሊሆን አይችልም። በሆስፒታል እንኳ ተረኛው ይቀየራል። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ፖፖውን ስጪያቸው፣ ጎናቸውን ቀይሪ፣ ትንሽ መብራት ተዪላቸው። ብዙ ጊዜ ሌሊት የሚጣሩት ወይ ሽንት ይዟቸው፣ ወይ ትከሻቸው አሟቸው፣ ወይ ጨለማው አስፈርቷቸው ነው። ቀን ቀን የሚያለቅሱ፣ ምግብ የሚጠሉ ከሆነ ደግሞ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ። ከስትሮክ በኋላ ድብርት በጣም የተለመደ ነው፣ መድኃኒትም አለው።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ብሩን አላጣጥልም፤ ብር ባይኖር ዳይፐሩ ከየት ይመጣል? ግን ብር የላከ ሁሉ አለቃ አይደለም። እሱ ያለበት አገር ብዙ ሐበሻ የሚተዳደረው አዛውንት በመጠበቅ ነው። አስታማሚነት በሰዓት የሚከፈልበት ሥራ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። በአንዳንድ ስቴቶችማ ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን የገዛ እናቷን ለምትጦር ልጅ ሳይቀር ይከፍላል። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ አውሩ። «አልቻልኩም» ብቻ ብትዪው «አይዞሽ» ብሎ ይዘጋዋል። የሚሠራ ነገር ቆጥረሽ ስጪው።

እኔ ብሆን የምሰጠው ይሄን ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት የምታድር ሰው ይክፈል፤ እነዚያን ሌሊቶች አንቺ በሌላ ክፍል፣ በር ዘግተሽ ተኚ። የመድኃኒት ማለቂያና የሐኪም ቀጠሮ የእሱ ስልክ ላይ ይመዝገብ፣ ማስታወስ የእሱ ሥራ ይሁን። በየማታው የሚደውለው ደግሞ አንቺን ለመቆጣጠር አይሁን። ለእማማ ይደውል። የሚጣመመው ንግግራቸው የሚፍታታው በመናገር ነው። የድሮ ፎቶ ያሳያቸው፣ «ይሄ ማነው?» ይበላቸው፣ ቃሉን ሳይነጥቃቸው እስኪጨርሱ ይጠብቅ። ታላቋ የጎረቤት ልጅ ስልኩን ትያዝላቸውና አንቺ በዚያች ሰዓት ውጪ። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ቨርጂኒያ ገና ምሽት ነው። አንቺ ስትነቂ እሱም ነቅቷል። አንድ ሌሊት ደውዪለትና ሲገላበጡ ይይ። ለእረፍት ሲመጣም እንግዳ አይሁን፣ ሌሊቱን ይረከብ።

ያገቡትስ? ጣጣ የሌለበት ማን አለ! በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅን የመቀለብ ግዴታ ሲጥል ያገባ ልጅ ያላገባ ልጅ ብሎ አይለይም። ለፍርድ ቤት ሂጂ ማለቴ አይደለም፣ እንዲያው ልብ እንዲሉት ነው። ተቀጣሪ ከሆኑ የዓመት ፈቃዳቸው ከ16 የሥራ ቀን አያንስም። ከዚያ ላይ አምስት አምስት ቀን ይስጡሽና አንቺ ከቤት ውጪ እደሪ። ጎረቤትም «ምን እንርዳሽ?» ሲልሽ «ምንም፣ ኑሩልኝ» አትበዪ። «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል እማዬ ጋ ተቀመጡልኝ» በያቸው። የእድር ሰው ለድንኳኑና ለወንበሩ ፈጣን ነው፣ ሰው በሕይወት እያለ ተራ ለመግባት ግን ጠይቁት እስኪባል ይጠብቃል። አንዳንድ እድሮች አሁን አዛውንት መርዳት ጀምረዋል፤ የእናንተንም ዳኛ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሲስተር እንደምን አሉ። የቤት ሠራተኛ ነኝ። የተቀጠርኩት ለምግብና ለልብስ ነበር። አሁን የአሠሪዬን አባት የማጥበውም የምጠብቀውም እኔ ነኝ። ጋሼ ሲመሽ «ወደ ቤቴ ልሂድ» እያሉ በር ይይዛሉ። «ቤትዎ እኮ ነው» ስላቸው ይቆጣሉ፣ አንዴ በከዘራ መቱኝ። ደመወዜ ያው ነው። ብናገር ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።
ከሲኤምሲ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ «ቤትዎ እኮ ነው» የሚለውን ተዪው። እሳቸው የሚሉት ቤት በልጅነታቸው ያደጉበት ሊሆን ይችላል፣ አንቺ ደግሞ ስለ ሲኤምሲ ታወሪያቸዋለሽ። አትከራከሪያቸው። «ቤትዎ የት ነው ጋሼ? ግቢው ውስጥ ምን ነበር?» በያቸው። ያወሩልሽና በሩን ይረሱታል። ካልሆነም «አሁን መሽቷል፣ ጅብ አለ፣ ሲነጋ እንሄዳለን» በያቸው። ውሸት ነው የሚል አንባቢ ካለ አንድ ምሽት መጥቶ ይሞክረው።

ሳይጨልም መብራት አብሪ፣ መጋረጃ ዝጊ፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ጥላ ያስፈራዋል። ሲቆጡ ከከዘራው ራቂ፣ ለመንጠቅ አትታገዪ። ቆልፈሽባቸው እንዳትወጪ።

አንድ ነገር ግን ለይተሽ እወቂ። መርሳቱ ቀስ እያለ የመጣ ከሆነ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ከተምታታባቸው ግን ሌላ ነው፦ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት። አዛውንት ኢንፌክሽን ይዟቸው ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል። ያኔ ለአሠሪዎችሽ «ዛሬውኑ ይታከሙ» በያቸው።

አሁን ደግሞ ለአሠሪዎች። ይህች ልጅ ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው። ደላላ ጋ ደውላችሁ «አስታማሚ እፈልጋለሁ» ብትሉ የሚነገራችሁ ደመወዝ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፣ ይሄን ታውቃላችሁ፣ ብዙዎቻችሁም ትገለገሉበታላችሁ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን እቤቱ አብራው የምትኖር ሠራተኛ ያለችው ሰው ለጤናዋ ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድደዋል። ማጠብና ማንሳት እንድታስተምራት አንድ ነርስ ለግማሽ ቀን አምጡላት። ጓንት ግዙላት። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ትረፍ፣ ያን ቀን እናንተው ጠብቋቸው። አባታችሁን የምታውቃቸው ሰው ተማራ ስትሄድ ከእንግዳ ጋር እንደ አዲስ የሚለምዱት እሳቸው ናቸው።

አንቺ ደግሞ ለአሠሪሽ ስትነግሪ የምትሠሪውን ዘርዝሪ፦ ስንቴ እንደሚነሱ፣ ስንት ልብስ እንደሚለወጥ፣ ምን እንደበሉ። በደብተር መዝግቢ፤ መጻፍ ካስቸገረሽ በስልክሽ በድምፅ ቅጂው። ለሐኪሙም ይጠቅማል፣ ለደመወዝ ንግግርም ይጠቅምሻል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለሲስተር። እኔ 79፣ ባለቤቴ 71 ዓመታችን ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም ኪኒንም አልቀምስም ትላለች። አሁን ደህና ነኝ እያለችም ትተዋለች። የምጠብቃት እኔ ብቻ ነኝ።
ከፒያሳ

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ቢነግሯቸው አይሰሙም፣ እኔም ብነግራቸው አይሰሙም። የነፍስ አባታቸውን ወደ ቤት ያስጠሩ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ካልጾምክ ብላ አታስገድድም፣ ይህንን ከአባ አፍ ሲሰሙ ይቀበላሉ። ደህና የሆኑት ኪኒኑን ስለወሰዱ ነው፤ ሲያቆሙት ግፊቱ ምንም ሳይሰማቸው ይወጣል፣ ስትሮክም የሚያመጣው ይኸው ነው።

ለሐኪማቸውም ስለ ጾሙ ይንገሩ። በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ሰዓቱን ያመቻቻል፤ እርስዎ ግን በራስዎ አይቀይሩ። የሽንት ማብዣ ኪኒን ካለበት ያንን በተለይ ይጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ጠዋት ነው የሚታዘዘው። ማታ ከተወሰደ ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለሱ ያድራሉ፤ በጨለማ የሚወድቁትም ያኔ ነው፣ እርስዎም አብረው ይነሳሉ።