ሄቪ ሜታል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ይሆናል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በሶሺዮሎጂ የምከታተል ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ያቀረብሁት ርእስ በከተማችን ያሉ የሄቪ ሜታል፣ ማለትም ከሮክ የወጣውና በተሻከረ የኤሌክትሪክ ጊታርና በከባድ ድራም የሚታወቀው ሙዚቃ አድማጮችን የሚመለከት ነበር። ስምንት ጓደኛሞች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዓባይ ማዶ በአንዳችን የኪራይ ቤት እየተሰበሰብን ይህን ሙዚቃ ማዳመጥ ከጀመርን አራት ዓመት አልፎናል። ከመካከላችን አንዱ ክራሩን በትንሽ ማጉያ እያሳለፈ፣ ድምፁ ሆን ተብሎ እንዲሻክር በማድረግ ሜታል ይጫወትበታል፤ አከራይዋ በሩን ሲያንኳኩ ግን ወዲያው እንቀንሳለን። አማካሪዬ ርእሱን ካነበቡ በኋላ «ይህ የወጣቶች ጩኸት እንጂ ጥናት አይደለም፤ ደግሞም የእኛ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። በሌላው ዓለም በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠራ ጥናት አለን? ካለስ የእኔ ርእስ በዚያ ውስጥ ቦታ ያገኛል ወይስ ሌላ ብፈልግ ይሻለኛል?
ስሜ እንዳይጠቀስ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ርእስዎን አይተዉት። አማካሪዎ ያነሷቸው ሁለት ነጥቦች ግን የተለያዩ ስለሆኑ ለየብቻ መታየት አለባቸው። «ጥናት አይደለም» የሚለው በቀላሉ የሚመለስ ነው፤ «የእኛ አይደለም» የሚለው ግን እርስዎም ቁጭ ብለው ሊያስቡበት የሚገባ፣ በአግባቡ ከያዙትም የጽሑፍዎ ዋና ጥያቄ ሊሆን የሚችል ነጥብ ነው።

ሄቪ ሜታል የጥናት መስክ ከሆነ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። በቺካጎ በሚገኘው በዲፖል ዩኒቨርሲቲ የሶሺዮሎጂ መምህርት የነበሩት ዲና ዋይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1991 (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት መጽሐፍ ሙዚቃውን ከሦስት ወገን መርምሮታል፤ ከተጫዋቹ፣ ከአድማጩ፣ እንዲሁም በሁለቱ መካከል ሆነው ሙዚቃውን ከሚያደርሱት ከሸክላ አሳታሚዎች፣ ከሬዲዮና ከመጽሔቶች። ከሁለት ዓመት በኋላ የሙዚቃ ምሁሩ ሮበርት ዋልሰር ዝነኛ የሜታል ጊታር ተጫዋቾች የጥንቶቹን የአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ደራሲዎች የባኽንና የቪቫልዲን ሥራዎች እያጠኑ ወደ ጊታራቸው እንዳመጧቸው በኖታ አስደግፈው አሳዩ። የዋልሰርን መጽሐፍ ያሳተመው የዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው፤ ይህን የምናነሣውም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በ1971 ዶክትሬታቸውን ያገኙት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ ነው። አሸናፊ በ1975 ስለ አዝማሪ የጻፉትን ጥናት በአንድ ታዋቂ የሙዚቃ መጽሔት ሲያሳትሙ፣ በአገራችን «አዝማሪ» የሚለው ቃል ለስድብም ያገለግል ነበር። ማኅበረሰቡ የናቀው ሙዚቃ በቁም ነገር ሊጠና እንደሚችል ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም፤ ለአማካሪዎ በቅድሚያ ይህን ቢያስታውሷቸው መልካም ነው።

የዋይንስታይንና የዋልሰር መጻሕፍት የወጡት አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሙዚቃ ላይ የተነሣው ክርክር ባልበረደበት ወቅት ነበር። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 የሴኔቱ ኮሚቴ ስለ ዘፈን ግጥሞች ምስክርነት አዳመጠ፤ በአልበሞች ሽፋን ላይ ለወላጆች የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያም የዚያ ክርክር ውጤት ነው። በ1990 ደግሞ በኔቫዳ ግዛት በሬኖ ከተማ አንድ ባንድ «በሸክላው ውስጥ የደበቀው ቃል ሁለት ወጣቶችን ራሳቸውን እንዲያጠፉ ገፋፍቷል» ተብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ዳኛውም ባንዱ ተጠያቂ እንዳልሆነ ወሰኑ። በእኛ አስተያየት በዚያ ዘመን የተጻፉት ጥናቶች ከዚህ የተነሣ አልፎ አልፎ የጠበቃ ድምፅ ይሰማባቸዋል። እርስዎም ሙዚቃውን የሚወዱ፣ የተተቸብዎትም በመሆንዎ፣ ጽሑፍዎ ለአማካሪዎና ለአከራይዋ የተጻፈ የመከላከያ መልስ እንዳይሆን ከአሁኑ ይጠንቀቁ።

ከሁሉም ይበልጥ እንዲያነቡት የምንመክርዎት ኪት ካን ሃሪስ በ2007 ስለ ጽንፈኛው፣ ማለትም በድምፁም በምስሉም እጅግ ስለከረረው የሜታል ዓይነት ያሳተሙትን ጥናት ነው። እኚህ ሶሺዮሎጂስት በሚያስደነግጠው ምስልና ግጥም ላይ ብቻ አልቆሙም። ከዚያ ጀርባ ያለውን ተራ የዕለት ሥራ፣ ማለትም ለማያውቁት አገር ሰው ደብዳቤ መጻፍን፣ ካሴት በፖስታ መለዋወጥን፣ የመለማመጃ ክፍል መፈለግን ቁጭ ብለው አጠኑ፤ አንድን የሙዚቃ ማኅበረሰብ ለዓመታት የሚያቆየው ጩኸቱ ሳይሆን ይህ ድካም መሆኑንም አሳዩ። የእርስዎ ቅዳሜም የሚጠናው እንዲህ ነው። ማን ሙዚቃውን በስልኩ ጭኖ ይመጣል? መብራት ሲጠፋ ትሄዳላችሁ ወይስ ትቆያላችሁ? አከራይዋ ሲያንኳኩ ድምፁን የሚቀንሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነውን? እንዲህ ያለው ዝርዝር ትንሽ ይምሰል እንጂ ጥናት የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ መስኩ ሰፍቷል። በ2008 በኦስትሪያ ሳልዝቡርግ ከተማ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ተመራማሪዎች ስለ ሜታል ብቻ የሚመክር ጉባኤ አካሄዱ፤ ዛሬ ዓለም አቀፍ የጥናት ማኅበርና ባለሙያዎች የሚገመግሙት የራሱ መጽሔት አለው። ስለ አፍሪካም ኤድዋርድ ባንችስ በ2016 መጽሐፍ አሳትመዋል። ቦትስዋና ውስጥ በዚያ ሁሉ ሙቀት ከእግር እስከ ራሳቸው ቆዳ ለብሰው ወደ ኮንሰርት የሚሄዱ አድማጮች፣ እንደ ስኪንፍሊንትና ረስት ያሉ ባንዶችም አሉ።

እንግዲህ «የእኛ አይደለም» ወደሚለው እንምጣ። ሙዚቃው ተወልዶ ያደገው በሌላ አገር መሆኑ አያከራክርም። ብዙዎች መነሻው አድርገው የሚጠቅሱት የብላክ ሳባት የመጀመሪያ አልበም የወጣው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ሲሆን፣ ባንዱ የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ የሆነችው የበርሚንግሃም ልጅ ነው። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ ገና በወጣትነቱ በቆርቆሮ ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት፤ እርሱም ከቀለጠ ፕላስቲክ የጣት ቆብ ሠርቶ፣ በኋላም አውታሮቹን አላልቶ መጫወቱን ቀጠለ። ታሪኩ ልብ የሚነካ ነው፤ ሆኖም አንድን የሙዚቃ ዓይነት በአንድ ሰው አደጋ ብቻ ማስረዳት ስለማይቻል በጽሑፍዎ ውስጥ ቦታውን አያስፉለት።

ጥያቄው የሚጠነክረው ስለ ባለቤትነት ሳይሆን ስለ ጆሮ ሲጠየቅ ነው። እስቲ በገናን እናስብ። ደርዳሪው ዐሥሩን አውታሮች ሲያከር ብቻ ሥራው አያልቅም፤ በአውታሩና አውታሩን በሚደግፈው ብርኩማ መካከል እንዝራ የሚባለውን ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ያስገባል። ቆዳውን በጥቂት በጥቂቱ እየገፋ አውታሩን በጣቱ ይመታል። ቦታው ካልተገኘ ድምፁ ደረቅና ባዶ ይሆናል፤ በተገኘ ጊዜ ግን አውታሩ ከቆዳው ጋር እየተነካካ፣ በዐቢይ ጾም ከየቤቱ ሬዲዮ የምንሰማውን ያን ጥልቅ ንዝረት ይሰጣል። ንዝረቱ ጉድለት አይደለም፤ በገናን በገና የሚያሰኘው እርሱ ነው።

በኤሌክትሪክ ጊታርም ተመሳሳይ ፍለጋ አለ። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፤ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ አዳዲስ ድምፆችም ይፈጠራሉ። ተጫዋቹ በሰከንድ 110 ጊዜና 165 ጊዜ የሚርገበገቡ ሁለት ድምፆችን አንድ ላይ ቢመታ፣ የተሻከረው ማጉያ የሁለቱን ልዩነት፣ ማለትም 55ን ይጨምርበታል፤ ይህም ማንም ጣት ያልነካው፣ ከዝቅተኛው ድምፅ በአንድ ኦክታቭ የሚወርድ፣ ማለትም ርግብግቢቱ የእርሱ ግማሽ የሆነ ድምፅ ነው። ፓወር ኮርድ የሚባለው እንዲህ ያለው ጥምረት ሁለት ድምፆች ብቻ ይዞ ያን ያህል የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ በትዝታ ቅኝት ከአምስቱ ድምፆች የመጀመሪያውና አራተኛው በመካከላቸው ይኸው ርቀት አላቸው፤ ስለዚህ ጓደኛዎ ክራሩን ሳያፈርስ፣ ቅኝቱንም ሳይለቅ ፓወር ኮርድ ሊመታ ይችላል።

በገናና ሜታል አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ በገና የጸሎትና የምስጋና መሣሪያ ነው፣ ክብሩም ይጠበቅ። የምንለው የተሻከረ ድምፅን በሥርዓት መሻት ለዚህ አገር ጆሮ እንግዳ አለመሆኑን ነው። ይህ ግን ገና ግምት ነው፤ ጓደኛዎ ሻካራውን ድምፅ ሲፈልግ በልጅነቱ የሰማው በገና ይታሰበው ይሆን ወይስ በስልኩ የሰማው ጊታር፣ ወይስ ደግሞ በምሽት ቤት በተጎዳ ስፒከር የሚሰማው ክራር? ይህን የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ስለዚህ መልሱን እርስዎ ሳያቀብሉት፣ ክራሩን በእጁ ይዞ እየተጫወተ ሳለ ይጠይቁት፤ ድምፁንም በፈቃዱ ይቅረጹ።

ርእሱን ያጥብቡት። ስምንት ሰዎች የባሕር ዳርን ወጣት ሊወክሉ አይችሉም፤ «የሄቪ ሜታል ተጽዕኖ» የሚል ርእስም ገና ከመነሻው ፍርድ የያዘ ነው። ስለ አንድ የአድማጮች ቡድንና በዚያ ውስጥ ስለተወለደው የክራር አጨዋወት ቢጽፉ በቂ ነው። ሙዚቃውን ሞክረው የተዉትን፣ አከራይዋንም ያነጋግሩ፤ ጩኸት የሚሉት የትኛውን ድምፅ እንደሆነ ከእሳቸው መስማት ዋጋ አለው። ከጓደኞችዎ ጋር ያለዎትን ቅርበት በጽሑፉ መግቢያ ላይ በግልጽ ያስቀምጡ። ወደ አማካሪዎ ሲመለሱም ለክርክር ሳይሆን ሁለት ገጽ የጥናት ዕቅድና አንድ የተቀረጸ የክራር ድምፅ ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ማታ ማታ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ የሚጮኽ ሙዚቃ ይሰማል። ጎረቤቶች «የሰይጣን ዘፈን ነው፣ ቁጡ ያደርገዋል» ይሉኛል። እውነት ነውን?
አንዲት እናት፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ እናታችን፣ ስጋትዎ የብዙ ወላጅ ስጋት ስለሆነ ተመራማሪዎችም ጠይቀውታል። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 ዓመት የሆናቸውን 39 የዚህ ሙዚቃ ወዳጆች መጀመሪያ የሚያናድዳቸውን ነገር እንዲያስታውሱ አደረገ። ከዚያም ከፊሎቹ የመረጡትን ሙዚቃ ሰሙ፤ የቀሩት ዝም ብለው ተቀመጡ። ሙዚቃ የሰሙት ንዴታቸው አልባሰም፤ እንዲያውም ዝም ብለው ከተቀመጡት ባልተናነሰ ቀነሰላቸው፣ በሙዚቃውም መነቃቃት አገኙ። ከዚያ በፊት በ1996 ጄፍሪ አርኔት የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁር ያነጋገሯቸው ብዙ የአሜሪካ ወጣቶችም ሙዚቃውን የሚሰሙት በተናደዱ ጊዜ እንደሆነና እንደሚያረጋጋቸው ነግረዋቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ ተጠያቂዎቹ ሙዚቃውን አስቀድመው የሚወዱ ናቸው፤ ለማይወደው ሰው ያው ድምፅ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል።

ስለ ሰይጣን የሚነሣው ሐሜት መነሻ የለውም አንልም፤ አንዳንድ ባንዶች ለማስደንገጥ ብለው፣ ጥቂቶችም ከልባቸው አምነውበት እንዲህ ያለ ምስል ይጠቀማሉ። ብዙዎቹ ግጥሞች ግን ስለ ጦርነት፣ ስለ ሞት፣ ስለ ብቸኝነት የሚናገሩ ናቸው። ስለዚህ ማዳመጫውን ከመንጠቅ ይልቅ ቡና ተፈልቶ በተቀመጣችሁበት «ልጄ፣ እስቲ አንዱን አሰማኝ፣ ምን እንደሚልም ተርጉምልኝ» ይበሉት። ሲተረጉም ልጅዎ ምን እንደሚያስብ ይሰማሉ፤ የማይገባውን ቃል ሲደርስበትም እርሱ ራሱ ቆም ብሎ ያስባል። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ከሰው ከራቀ ወይም ስለ መሞት ካወራ ግን ጉዳዩ የሙዚቃ አይደለምና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት። ድምፁንም ዝቅ እንዲያደርግ ይንገሩት፤ ጆሮን የሚጎዳው የሙዚቃው ዓይነት ሳይሆን የድምፁ ከፍታና የማዳመጫው ሰዓት ርዝመት ነው።

ጥያቄ፦ ጃኖ ባንድ ሄቪ ሜታል ነው ወይስ ሮክ? ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረን አልተስማማንም።
ከፔዳ አካባቢ

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣውና ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ ባደረጉት «ኤርታሌ» አልበም ውስጥ የተሻከረ ጊታርና ከባድ ድራም አለ፤ ዜማው ግን በአገራችን ቅኝቶች ላይ የቆመ፣ አዘፋፈኑም የእኛው ነው። እኛ ሮክ እንለዋለን፤ ምክንያቱም ጊታሩ ብዙውን ጊዜ ድምፃውያኑን ያጅባል እንጂ በሄቪ ሜታል እንደተለመደው ሙዚቃውን ራሱ አይመራም። ጓደኛዎ ሜታል ያሉባቸውን ክፍሎች ለይተው ያሰሙዎትና ጊታሩን ብቻ ተከትለው ደግመው ያዳምጡ፤ ልዩነታችሁ በአንድ ወይም በሁለት ዘፈን ላይ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።