«አልፈልግም» ስትለው ሙዚቃው ለምን ይገባል?

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ ተነጋግራችሁ የላካችሁ ነው የሚመስሉት። ሁሉም ሴትና ወንድ በፊልም ላይ ስለሚታዩበት መንገድ ነው። ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ የአማርኛ ፊልም ኤዲተር ነኝ። ተቀርጾ የሚመጣውን የምቆርጠውና የምገጣጥመው እኔ ነኝ። መልሴም ከዚያ ወንበር ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ ጋር አንድ የፍቅር ኮሜዲ እያየን ተጣላን። ልጁ የወደዳትን ልጅ ከታክሲ እስከ ቢሮዋ ይከተላታል። ስልኳን ለጥበቃው ብር አጉርሶ ይቀበላል። እምቢ እምቢ ብላው በመጨረሻ ወደደችው። እኔ ሳቅሁ። ባለቤቴ «ይሄማ ለፖሊስ ነው የሚነገረው» አለች። ፊልም ነው እኮ! ማናችን ነን ልክ?
— ባል፣ ከአዳማ

መልስ፦ ባለቤትዎ። ግን እርስዎም ዝም ብለው አልሳቁም፤ እንዲስቁ ተደርጎ ነው የተሠራው። እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎት።

እንዲህ ያለው ትዕይንት እጄ ሲገባ የሁለቱም ፊት ተቀርጾ ይመጣልኛል። ልጅቷ ከቢሮው በር ትወጣለች። ልጁ አበባ ከጀርባው ደብቆ ቆሟል። «አልፈልግም አልኩህ እኮ!» ትላለች። እዚህች ጋ መቁረጥ አለብኝ። የማንን ፊት ላሳይ? የእሱን ካሳየሁ፣ ዓይኑ ቁልቁል ይወርዳል፣ አበባው ይዘነብላል፣ ሱቁ ጥግ የቆመው ጓደኛው አፉን ይዞ ይስቃል፣ ለስለስ ያለ ኪቦርድ ይገባል። በቃ፣ አዳራሹ በሙሉ «ምስኪን!» ይላል። እሷ እምቢ አለች፣ የታዘነለት ግን እሱ ሆነ።

የእሷን ካሳየሁስ? ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታጣብቃለች። ጥበቃው ወዴት እያየ እንደሆነ በዓይኗ ትፈልጋለች። እርምጃዋ ይፈጥናል፤ የጫማዋ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ንግግሩ ያው ነው። የተቀረጸውም በዚያው ቀን፣ በዚያው በር ላይ ነው። የመጀመሪያው ኮሜዲ ሲሆን ሁለተኛው የሚያስፈራ ፊልም ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የእሷ ፊት ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይቀራል። «ኧረ አታክብጂው፣ ሰው እኮ ሊዝናና ነው የመጣው» ይሉኛል ፊልሙን የሚያሠሩት። (ይህችን አባባል በር ላይ ለጥፌ ሁሉም ሲገባ እንዲያነባት ባደርግ ጊዜ ይቆጥብልኝ ነበር።)

ዛሬ ማታ ፊልሙን መልሰው ይክፈቱትና እዚያ ትዕይንት ላይ ሲደርሱ ድምፁን ያጥፉት። ልጁን ይተዉትና እሷን ብቻ ይዩ። ባለቤትዎ ምን እንዳየች ያኔ ይገባዎታል።

«ፊልም ነው እኮ» ላሉት ደግሞ፣ «እምቢ ብትልም መጨረሻዋ እሱን ማግባት ነው» የሚለው ነገር እኛ አገር ፊልም ላይ ከመውጣቱ በፊት ሕግ ውስጥ ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ ጋብቻ ካገባ ከክስ ይድን ነበር። ይህ ቀዳዳ የተዘጋው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ሩቅ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» ታሪኩን የወሰደው ከዚያ ሕግ ዘመን ነው። የ14 ዓመት ልጅ ትጠለፋለች፣ ጠላፊዋን ትገድላለች፣ ትከሰሳለች። ከሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራቾች አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይቆሙላታል። ፊልሙ የሚከተለው ልጅቷንና ጠበቃዋን ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞቹ ሲመጡባት ማንም አይስቅም። ኮሜዲዎቻችን ላይ ግን «ልጥለፋት እንዴ?» የምትለዋ አሁንም ቀልድ ናት። እርስዎ በመሳቅዎ ምንም ወንጀል አልሠሩም። እኔ የምጠይቀው ፊልሙን ያቀረብንልዎትን ሰዎች ነው፤ ራሴን ጨምሮ።

ጥያቄ፦ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ፊልሞቻችን ላይ ከአረብ አገር የምትመለሰው ሴት ሁለት ዓይነት ናት። ወይ ወርቅ በወርቅ ሆና መጥታ ፍቅረኛዋ ብሯን ይበላታል፣ ወይ አእምሮዋ ተነክቶ ትመለሳለች። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። ለወንድሜ ባጃጅ ገዝቼለታለሁ፣ እናቴን በኢሞ በየቀኑ አወራታለሁ። እንደኔ ያለችዋ ለምን አትታይም እህቴ?
— ከጅዳ

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ደራሲው አንቺን የሚፈልግሽ ለብሩ ነው። ታሪኩ ውስጥ ድንገት ገንዘብ መግባት ሲኖርበት አንዲት ሴት ከቦሌ ትወጣለች። መነጽር፣ ትልቅ ሻንጣ፣ አንድ ሁለት «ያላ»። ብሩ ከተበላ በኋላ ሥራዋ አለቀ፤ ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ትጠፋለች።

ከአሜሪካ የሚመጣውን ወንድ ደግሞ እይው። እሱም ሻንጣ ይዞ ነው የሚወጣው። ግን ብዙውን ጊዜ ድርጅት ይከፍታል፣ ምክር ይሰጣል፣ ቆንጆዋን ያገባል። እዚያ ምን ሲሠራ እንደኖረ ማንም አይጠይቀውም፤ መኪና አቁሞ ይሁን ዕቃ ተሸክሞ፣ ብቻ ሲመለስ «አዋቂ» ሆኖ ነው። አንቺ ግን ስትመለሺ የምትታይው እንደ ቦርሳ ነው።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሳሎን ውስጥ በገጠር አነጋገሯ የምታስቀው የቤት ሠራተኛና አረብ አገር ደርሳ የምትመለሰው ሴት ብዙ ጊዜ ያው አንድ ልጅ ናት። ሳሎን እያለች ይሳቅባታል፣ ስትመለስ ይለቀስላታል። ስንት እንደሚከፈላት፣ ማን ሥራ እንዳገኘላት፣ የዕረፍት ቀን እንዳላት ግን በሁለቱም ፊልም አንጠየቅም።

እኔ ብጽፈው ከኤርፖርት አልጀምርም። አሠሪዋ ደሞዝ ልታዘገይባት ስትል በጥሩ አረብኛ የምትከራከርበትን ትዕይንት ነው የማስቀድመው። ከዚያ ወንድሟን በኢሞ ይዛ «ባጃጁ በቀን ስንት ያስገባል? ደብተሩን አሳየኝ» ስትለው። እሱ ደግሞ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሲዘጋ። ይሄ ራሱ አዳራሽ ሙሉ ያስቃል፤ ያውም በእሷ ላይ ሳይሳቅ። (ያንቺ ወንድም እንዲህ እንደማያደርግ ተስፋ አለኝ።)

ጥያቄ፦ ትያትር እማራለሁ። አጭር ፊልም ስንሠራ የአባቴን ሞት ስሰማ አለቀስኩ። ዳይሬክተሩ አስቆመኝና «ወንድ ነህ፣ ዞር ብለህ አልቅስ» አለኝ። ትክክል ነው እንዴ?
— ተማሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አይደለም፣ ግን አዲስ ነገርም አልጠየቀህም። ወደ እኔ የሚመጣው ቀረጻ እንደዚያው ነው። ሴቷ ስታለቅስ ካሜራው አፍንጫዋ ሥር ይገባል። ወንዱ ሲያለቅስ ጀርባውን፣ ትከሻውን፣ ወይ ዝናብ የሚመታውን መስኮት እናያለን። የሚገርመኝ፣ ይሄን ከየት አመጣነው? አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ሄደህ ድንኳኑ በር ላይ ቁም። ሽማግሌው ገና ከሩቅ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ በጩኸት ነው የሚገባው። ፎጣ ይዞ፣ ደረቱን እየመታ። ማንም «ዞር በል» አይለውም። ዞር ብሎ የሚያለቅስ ወንድ የማየው ከለቅሶ ቤት ይልቅ በፊልም ላይ ነው።

ከዳይሬክተሩ ጋር ግን እሰጥ አገባ አትግጠም። ቀረጻ ላይ ያለ ሰው አይሰማም። «አንዱን ቴክ ዞሬ፣ አንዱን ፊት ለፊት ልሥራልህ» በለው። ሁለቱን ይዞ ኤዲቲንግ ሲገባ የትኛው እንደሚበልጥ ራሱ ያየዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ፊልም ለሴቶች ትክክለኛ ቦታ መስጠቱን የምንለካበት ነገር አለ? ሴት ዳይሬክተር ከሠራችውስ ይበቃል?
— ሁለት ጓደኛሞች፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የቤክዴል መለኪያ የሚባል አለ። አሜሪካዊቷ የካርቱን ሠዓሊ አሊሰን ቤክዴል በ1985 እ.ኤ.አ. በአንድ የካርቱን ታሪኳ ላይ ነው ያወጣችው። ፊልሙ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴቶች አሉ? እርስ በርስ ያወራሉ? ወሬያቸው ከወንድ ሌላ ስለሆነ ነገርስ ነው? ቀላል ይመስላል። እስቲ የቡናውን ትዕይንት አስቡት። ሁለት ሴቶች፣ ጀበና፣ ፈንዲሻ፣ ዕጣን፣ ሁሉ ነገር ተሟልቷል። የሚያወሩት ስለማን ነው? ስለ እሱ! እስከ በረካ ድረስ ስለ እሱ።

ግን መለኪያው ሁሉን አይነግራችሁም። አንዲት ሴት ብቻዋን መርከብ ስትነዳ የሚያሳይ ድንቅ ፊልም ሊወድቅ ይችላል፤ ሴቶችን ከላይ እስከ ታች የሚሳደብ ደግሞ ሁለቱ ስለ ጸጉር በማውራታቸው ያልፋል። ሴት ዳይሬክተር ስለሆነችም ብቻ አይስተካከልም። አንዲት ጎበዝ ሴት ዳይሬክተር አጠገቤ ተቀምጣ «ስትገባ ከጫማዋ ጀምሪና ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ውጪ» ብላኛለች። ለምን ስላት «ሁሌም እንደዚያ አይደል እንዴ?» አለችኝ። የገባችው ሴትዮ በታሪኩ ውስጥ ሐኪም ናት፤ ታማሚ ልታይ ነው የመጣችው። ከፊቷ ጀመርኩት። ዳይሬክተሯ ሁለት ጊዜ አየችውና «ተይው፣ ይሁን» አለችኝ።