የእህትህን ብር ወደ ማይክ አትቀይረው

ከደብረ ብርሃን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነህ። ክራር ትጫወታለህ፣ ታዜማለህ። በተከራየሃት አንድ ክፍል ትንሽ ስቱዲዮ ልትከፍት አስበሃል። ኩዌት የሰው ቤት የምትሠራው እህትህ 90 ሺህ ብር ልልክልህ ብላለች። አባትህ ደግሞ «አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ?» ብለው ተቆጥተዋል። ጥያቄህ ግን አንድ ነው፤ የትኛውን ኮንደንሰር ማይክ ልግዛ?

ማይኩን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ስለ ብሩ እናውራ።

90 ሺህ ብር የእህትህ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ ጠይቀሃታል? ካልጠየቅካት ጠይቃት። «ቤተሰብ አይደለን ወይ» ትለኝ ይሆናል። ቤተሰብህ ስለሆነች ነው አትውሰድ የምልህ። ነገ አገሯ ስትገባ በእጇ የምትይዘው ነገር ያስፈልጋታል። እኔም ልጅ ሳለሁ በእናቴ የእቁብ ብር ትልልቅ ሞኒተር ስፒከሮች (የስቱዲዮ ድምፅ ማዳመጫ) ገዝቻለሁ። ክፍሉ ባዶ ነበር። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ምን እንደምሰማ እንኳ አልለይም ነበር። እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። እስካሁን የሚከነክነኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ክፍልህ እንምጣ። መሐል ላይ ቁምና አንዴ አጨብጭብ። ከጭብጨባው በኋላ «ጭው» የሚል ነገር ከተከተለ፣ ውድ ማይክ ያንን «ጭው» አጥርቶ ከመቅዳት ሌላ የሚጠቅምህ ነገር የለም። ኮንደንሰር ማይክ ጆሮው ስለታም ነው። የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ የውሻ ጩኸት፣ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ አይቀረውም። በዚያ ላይ አብዛኛው የ48 ቮልት ፋንተም ፓወር፣ ማለትም በማይኩ ገመድ የሚላክለት ኤሌክትሪክ፣ ይፈልጋል። ስለዚህ ፍራሹን ግድግዳ ላይ አቁመው። ከኋላህም ከጎንህም ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀል። እንደገና አጨብጭብ። ልዩነቱን ራስህ ትሰማዋለህ። የእንቁላል ካርቶን መለጠፉን እርሳው፤ የውጭ ድምፅ አያግድም፣ ወፍራሙን ድምፅም አይውጥም።

እስከዚያ በስልክህ ቅዳ። ስልኩን ከክራሩ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አርቀህ፣ ከፍ ዝቅ እያደረግህ ሞክር። ጆሮህ የሚሠለጥነው እንዲህ ነው። ላፕቶፕ አለኝ ብለሃል። ከመቅጃ ፕሮግራሞች ኦዳሲቲ በነፃ ይገኛል፣ ሪፐር ደግሞ ለ60 ቀን በነፃ ያስሞክራል። ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን ከጓደኛ ተዋስ።

ከዚያ በራስህ ገንዘብ፣ በራስህ ጊዜ፣ ዳይናሚክ ማይክ (ጆሮው እንደ ኮንደንሰር ያልሰላ) እና ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ ባለ ሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርድ ትገዛለህ። ያገለገለ ቢሆን ምንም አይደል። ሹር ኤስኤም58 ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድረክ ላይ ያለ ማይክ ነው፣ ቶሎ አይበላሽም። ፎርጅዱ ግን ብዙ ስለሆነ ሳትሞክር አትክፈል። ስትቀዳ የፕሮግራሙን የቅጂ ጥራት 24 ቢት ላይ አድርገው። ከፍተኛው ድምፅ በፕሮግራሙ የድምፅ መለኪያ ላይ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል ይዋል። ቀዩን ከነካ ተበላሸ፤ በኋላ አይታከምም። ስታዜም የራስህ ድምፅ ዘግይቶ ጆሮህ ከገባ፣ ላፕቶፑ እስኪመልስልህ አትጠብቅ፣ በቀጥታ ከሳውንድ ካርዱ ስማ።

«በራሴ ገንዘብ» ስልህ ከየት እንደምትል ገብቶኛል። እኔ እንጀራ የበላሁት ከዘፈን ሳይሆን ከንግግር ነው። ዓመታት ማስታወቂያና ትረካ ስቀዳ ኖሬያለሁ። ዘፈን ይሰማ አይሰማ አይታወቅም። የሱቅ ማስታወቂያ የሚያሠራ ሰው ግን ድምፁ ጥርት ካለ በዚያው ቀን ይከፍልሃል። ከተማህ ውስጥ ሱቅ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ፋርማሲ ሞልቷል። የ30 ሰከንድ ናሙና ሠርተህ፣ በስልክህ ይዘህ በየበሩ ግባ። ንግግር ለመቅዳት አንድ ማይክና አንድ ጋቢ ይበቃል። ክራርህንም ከጀርባው ታስገባለህ።

አባትህን በተመለከተ፣ አዝማሪነት ሙያ ነው፤ ሊያሳፍርህ አይገባም። ትምህርቱን ግን ጨርስ፣ የቀረህ ጥቂት ነው።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልግባ ወይ ላልከው፣ ከተመረቅህ በኋላ እናወራበታለን።

ሌላ ሰው ስትቀዳ ደግሞ ማን የምን ባለመብት እንደሆነ በአንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ። የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ለከዋኙም፣ ማለትም ለሚዘፍነው ወይም ለሚጫወተው፣ ለድምፅ ቀረፃው አዘጋጅም መብት ይሰጣል።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ትዝታ በክራር ሁለት ጊዜ ቅዳልኝ። አንዱን ባዶው ክፍል ውስጥ፣ ሌላውን ጋቢው ተሰቅሎ። ሁለቱንም ላክልኝ፣ እሰማቸዋለሁ። ለእህትህ ግን ከዚያ በፊት ደውልላት። ብሩ እዚያው እሷ ጋ ይቆይ በላት።